ከኮምቦልቻ ሜዳ ለመነሣት፦ ከአርባ ዓመት በኋላ ቀላል አውሮፕላን ማብረር የመማር መመሪያ

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሐኪም ፊት ይቅረቡ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጥና ሃያ ሰዓት በርሮ፣ ብሩን ጨርሶ፣ ያኔ ስኳሩ ወይም ልቡ ያግደዋል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። አውሮፕላኑ መጨረሻ ነው።

መመሪያው ዕድሜው ከአርባ ለዘለለ፣ ኑሮው ወሎ ለሆነና ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ለእንጀራ ሳይሆን ለራሱ ደስታ ማብረር ለሚሻ ሰው የተዘጋጀ ነው። ቁጥሮቹ የሴስና 172 ኤስ ናቸው። ሌላ ዓይነት ከገጠመዎ አሠራሩ ብዙም አይለይም፤ ቁጥሩን ግን ከዚያው አውሮፕላን መጽሐፍ ይውሰዱ።

ሐኪሙ የሚያየው

ለግል አብራሪ ፈቃድ የዕድሜ ጣሪያ የለም። ሰው ሁሉ የሚያነሣው የ65 ዓመት ገደብ መንገደኛ ለሚያጓጉዝ የአየር መንገድ አብራሪ ነው። እርስዎን የሚመለከተው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው የጤና ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ የሚሰጠውም ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መርማሪ ሐኪም ብቻ ነው። ከሌላ ሐኪም የመጣ «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት ማኅተሙ ቢያምርም አያገለግልም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መለኪያ ወረቀቱ ከ40 ዓመት በታች ላለ ሰው 60 ወር፣ 40ን ላለፈ 24 ወር ይጸናል፤ 50ን ላለፈ ወደ 12 ወር እንዲያጥር ይመከራል። ከ40 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያወጣ ሰው ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ግዴታ ነው። የኢትዮጵያን ዝርዝር ደንብና የወቅቱን ክፍያ ከባለሥልጣኑ የፈቃድ ክፍል ይጠይቁ፤ ሰው የነገረዎትን አይያዙ።

ጎልማሳውን በብዛት የሚያንገላታው ዓይን ነው። በመለኪያው እያንዳንዱ ዓይን በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር 6/12 (ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር መለየት)፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/9 ማየት አለባቸው። ይህ ለብዙዎች ቀላል ነው። ችግሩ ቅርብ ላይ ነው፦ ካርታው ከዓይንዎ 35 ሳንቲ ሜትር፣ የመሣሪያው ሰሌዳ 70 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ማኮብኮቢያው ደግሞ ማዶ ነው። ከገበያ የሚገዛው የማንበቢያ መነጽር ካርታውን አጉልቶ ማኮብኮቢያውን ያደበዝዘዋል። መነጽር ሠሪው ዘንድ ሲሄዱ እነዚህን ርቀቶች በሜትር ለክተው ይንገሩት፤ ላዩ ለሩቅ፣ ታቹ ለቅርብ የሆነ ያሠሩ። ትምህርት ከመጀመርዎ ከአንድ ወር በፊት ያድርጉት፤ አንገት ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ያሠሩ፤ መነጽር ያለው አብራሪ መለዋወጫ ይዞ እንዲበር ይገደዳልና። የፀሐይ መነጽርዎ ደግሞ ፖላራይዝድ አይሁን፤ የአውሮፕላኑን ስክሪን ጥቁር አድርጎ ያሳይዎታል።

ጆሮ የሚፈተነው በቀላሉ ነው፦ ጀርባዎን ለሐኪሙ ሰጥተው በሁለት ሜትር ርቀት የተለመደ ንግግር መስማት አለብዎት። ደም ግፊት በተፈቀደ መድኃኒት ተስተካክሎ ከቆየ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚወስዱትን ኪኒን ስምና መጠን ጽፈው ይሂዱ፣ «ለምርመራው ብዬ» መድኃኒት አያቋርጡ። በኢንሱሊን የሚታከም ስኳር በመለኪያው ያግዳል። በምግብ ወይም በአንዳንድ ኪኒን የተያዘ ግን በሐኪሙ ግምገማ ይወሰናል።

ጫቱን ሳናነሣ አናልፍም፤ ወሎ ነንና። የቃሙ ዕለት ግፊቱም የልብ ምቱም ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ይተዉት። ለበረራ ግን ከምርቃናው ይልቅ ማግሥቱ ይከፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ታወሩ፣ ማለትም የሜዳው የበረራ ተቆጣጣሪ፣ የነገረውን ከፍታ ሰምቶ፣ አዎ ብሎ መልሶ፣ ሌላ ከፍታ ይይዛል። ጨብሲ ከተጨመረበት ጭራሽ አይነሣ። ከአልኮል ስምንት ሰዓት መራቅ በብዙ አገር የተቀመጠው ትንሹ ልክ ነው፤ ሙሉ ቀን ያድርጉት። በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ የማለዳውን የመጀመሪያ ተራ ይያዙ፤ ከቀትር በኋላ በባዶ ሆድና በደረቀ ጉሮሮ ወደ አውሮፕላን አይግቡ።

እንግሊዝኛውና ሰዓቱ

በሬዲዮ ለመነጋገር የሚጠየቀው እንግሊዝኛ ከስድስቱ ደረጃዎች ደረጃ 4 ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ሰዋስው አይደለም የሚጥለው፤ ሰምቶ መያዝና መልሶ ማንበብ ነው። ማኮብኮቢያውን፣ ከፍታውን፣ አቅጣጫውንና የአየር ግፊቱን ቁጥር ቃል በቃል መመለስ ይኖርብዎታል። ቁጥር አንድ በአንድ ይጠራል፤ 9 «ናይነር»፣ 3 «ትሪ»፣ 5 «ፋይፍ» ይባላል። ቤት ውስጥ እንዲህ ይለማመዱ፦ ልጅዎ አንድ ትእዛዝ ከወረቀት ያንብብልዎ፣ እርስዎ ሲኒ እየሞሉ ይመልሱ። ቡናው ከፈሰሰ ወይም ቁጥሩ ከተሳተ እንደገና። እጅ ሥራ ይዞ አፍ ሲመልስ ነው አውሮፕላኑ ውስጥ የሚሠራው።

የበረራ ሰዓት በዓለም ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ «ዙሉ» ይሉታል። በቀን ለሚበር ሐበሻ ስሌቱ ቀላል ነው፦ በእኛ ሰዓት ላይ 3 ይደምሩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት 4 ዙሉ ነው፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት 7 ዙሉ። ንጋት 12 ሰዓትን እንደ ዜሮ ቆጥረው 3 ይበሉ። የአየር ጠባዩ ዘገባ ላይ ያሉት ስድስት አሐዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀን፣ የቀሩት ሰዓትና ደቂቃ ናቸው። ቀኑም የፈረንጅ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር እያነበቡ የትናንቱን ዘገባ እንደ ዛሬ መውሰድ ያጋጥማል።

ትምህርት ቤቱ

ሥልጠናውን የሚያገኙት አዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየሳምንቱ ቅዳሜ መመላለስ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ዕድሜ ሲገፋ እጅ የተማረውን በሳምንት ውስጥ ይረሳል፣ ቀጣዩ ትምህርትም ያለፈውን በማስታወስ ያልቃል። ሁለትና ሦስት ሳምንት እዚያው ተቀምጠው በሳምንት አራት ቀን ይብረሩ፤ ከዚያ ወደ ሥራዎ ተመልሰው፣ ንድፈ ሐሳቡን አጥንተው፣ እንደገና ይሂዱ። ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ስለሆነ እዚያ የለመደ ሰው ኮምቦልቻ አይከብደውም።

ዓለም አቀፉ ትንሹ ልክ 40 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ 10 ብቻዎን፣ ከአሥሩ 5 ከሜዳ ሜዳ በመጓዝ፤ ከጉዞዎቹም አንዱ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር ሆኖ በሁለት የተለያዩ ሜዳዎች የሚታረፍበት። በ40 የሚጨርስ ጎልማሳ ግን ብርቅ ነው። ብዙ ሰው 60 እና 70 ሰዓት ስለሚፈጅ በጀትዎን በ65 ያስሉ። ከመፈረምዎ በፊት የሚጠይቁት፦

– ስንት አውሮፕላን አላችሁ ሳይሆን፣ ዛሬ የሚበረው ስንት ነው?
– ሰዓቱ የሚቆጠረው ሞተር ሲነሣ ነው ወይስ ጎማ ሲነሣ? በ60 ሰዓት ላይ ልዩነቱ ብዙ ሺህ ብር ነው።
– በአየር ጠባይ የተሰረዘ ትምህርት ያስከፍላል?
– አስተማሪዬ ቢለቅ ማን ይተካዋል?

አስተማሪዎ ልጅዎን ሊያክል ይችላል። ያ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፦ «ጋሼ» እያለ ያፍርዎታል፣ ሰባተኛ ጊዜ የሠሩትን ስሕተት በዝምታ ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ ማለቱን ተው አልልህም፤ ስሳሳት ግን ሳታፍር ንገረኝ» ይበሉት። በእርስዎ በኩል ደግሞ «አይ ሃቭ ኮንትሮል» (መሪውን እኔ ይዣለሁ) ሲል እጅዎንም እግርዎንም ወዲያው ያንሡ። ትልቅ ሰው ሲደነግጥ መሪውን ጨብጦ ይደርቃል፤ ልጁ ጉልበት ላይገጥምዎት ይችላል።

በርጩማ ላይ መብረር

ከዓመታት መኪና መንዳት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ትልቁ ዕዳ እጁ ነው። አውሮፕላን መሬት ላይ በእጅ አይታጠፍም፤ መሪውን ቢያዞሩት ክንፉ ላይ ያለው አይለሮን ይንቀሳቀሳል እንጂ ጎማው አይዞርም። የሚያዞረው እግር ነው። በደሴ ቁልቁለት ሃያ ዓመት አይሱዙ የነዳ ሰው ማኮብኮቢያውን ሲስት ሁለት እጁን አጣምሮ መሪውን ይጠመዝዛል፣ አውሮፕላኑ ግን ወደ ሣሩ ይሄዳል። ይህን ቤት ውስጥ በነጻ ማውጣት ይቻላል፦

1. የሚማሩበትን አውሮፕላን የመሣሪያ ሰሌዳ ፎቶ በትልቁ አሳትመው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ በርጩማውን 70 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያድርጉ።
2. ሁለት ጫማ ከፊትዎ ያስቀምጡ፤ ፔዳሎችዎ ናቸው። ተረከዝ ወለል ላይ፣ የእግር ፊት ከጫማው ታች። ፔዳሉ ላዩ ፍሬን ነው፤ እግሩን ከፍ አድርጎ የሚያሳርፍ ሰው ሳያውቀው ፍሬን ይዞ ጎማ ይጨርሳል።
3. ግራ እጅ ትሪ ይያዝ፣ መሪ ነው። ቀኝ እጅ ጭንዎ ላይ፣ ትሮትሉን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት መስጫ፣ የሚይዝበት።
4. መነሣቱን ከቼክሊስት (ከአሠራር ቅደም ተከተል ዝርዝሩ) እያነበቡ በቃል ይጥሩ፣ በእጅና በእግር ያድርጉ። ጉልበት ሲሰጡ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቀኝ እግር ይጫን። ትሪው ወደ ቀኝ ከዞረ ይቁሙና ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ሁለት ሳምንት። ቤተሰብ ቢስቅ ይሳቅ።

በአውሮፕላኑ ዙሪያ

ቼክሊስቱ በእጅ ነው የሚነበበው፣ በቃል አይወጣም። ሦስቱን ብቻ እናስምርባቸው። ዘይቱ በመለኪያው ከ5 ኳርት በታች ከሆነ አይበረርም፤ ሙሉው 8 ነው። ነዳጁ ከ13 ቦታ በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳል፣ ቀለሙ ሰማያዊ መሆን አለበት። ውኃ ካለበት ታች ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ብልቃጡ ሙሉ ለሙሉ ውኃ ከሆነ ግን መለያ መስመር ስለሌለው ንጹሕ ነዳጅ ይመስላል፣ ስለዚህ ቀለሙን ነጭ ነገር ላይ አስጠግተው ይዩ፤ ያሽቱትም።

ክብደት ደግሞ ይደመር። የ172 ኤስ ከፍተኛ መነሻ ክብደት 1,157 ኪሎ ነው። ባዶው 770 ኪሎ ከሆነና ሙሉ ነዳጅ፣ ማለትም 200 ሊትር፣ 144 ኪሎ ቢመዝን የሚቀረው 243 ኪሎ ነው። ሦስት ጎልማሳና የማር ቆርቆሮ ሲጨመር አበቃ። አራት ወንበር ስላለው አራት ሰው ይጭናል ማለት አይደለም።

ኮምቦልቻ 9,000 ጫማ የሚሆንበት ሰዓት

ወሎ ውስጥ ለሚበር ሰው ከዚህ በላይ የሚረባ ስሌት የለም፤ አየር ሲሞቅ ይሳሳልና ሜዳው ለአውሮፕላኑ ከፍ ያለ ቦታ ይሆንበታል። የኮምቦልቻ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 6,100 ጫማ ገደማ ነው። መደበኛ አየር ባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ ሆኖ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ6,100 ጫማ መደበኛው ሙቀት 15 ሲቀነስ 12.2፣ ማለትም 2.8 ዲግሪ ነው። ከቀትር በኋላ ቴርሞሜትሩ 27 ቢል ልዩነቱ 24.2። እያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ያህል ስለሚቆጠር በ120 ሲባዛ 2,904። በ6,100 ላይ ሲደመር 9,000 ጫማ። አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ ክንፉም ሞተሩም ከደሴ ከተማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ያህል ይሠራሉ። ማለዳ 13 ዲግሪ ሲሆን ግን በዚሁ ስሌት 7,300 ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት 1,700 ጫማ ገዛ ማለት ነው። የዕለቱን ግፊት ለማካተት ከፍታ መለኪያውን በ1013 ሄክቶፓስካል ላይ አድርገው የሚያሳየውን ቁጥር በ6,100 ፋንታ ይጠቀሙ።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በ9,000 ጫማ ከ180 የፈረስ ጉልበት የሚቀረው 130 ገደማ ነው። ክንፉም በሳሳ አየር ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደመሩ መንደርደሪያው ከባሕር ጠለሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ትክክለኛውን ርቀት ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ ያውጡ፣ በላዩም ግማሹን ይጨምሩበት፤ ሠንጠረዡ በአዲስ አውሮፕላንና በሰለጠነ እጅ የተሠራ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀዩ ቁልፍ ነው፣ ነዳጁን ከአየር ጋር የሚመጥነው ሚክስቸሩ። ባሕር ጠለል ላይ ሙሉ ተገፍቶ ይነሣል። ከ3,000 ጫማ በላይ እንዲያ ከተደረገ ለቀጭኑ አየር ነዳጅ ይበዛበትና ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል። አሠራሩ፦ ፍሬን ይያዙ፤ ትሮትሉን ሙሉ ይስጡ፤ ቀዩን ቁልፍ በቀስታ እያዞሩ ይሳቡ። የሞተሩ ዙር መጀመሪያ ይጨምራል፣ ከዚያ መቀነስ ይጀምራል፤ ከፍ ካለበት ቦታ ላይ ያቁሙትና ጥቂት ወደ ውስጥ ይመልሱት። በ1,800 ዙር ማግኔቶ (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) ሲፈትሹ ከ150 በላይ ከወረደ ወይም ከተንገጫገጨ ብዙ ጊዜ መንስኤው የቆሸሸ ካንዴላ ነው፤ ዙሩን ወደ 2,000 አድርገው፣ ቀዩን ስበው፣ አንድ ደቂቃ አቃጥለው እንደገና ይፈትሹ። ካልጠራ ወደ ማቆሚያው ይመለሱ።

ሲንደረደሩ የማኮብኮቢያውን እኩሌታ በዓይንዎ ምልክት ያድርጉበት፤ መብራት ወይም ዛፍ። እዚያ ሲደርሱ ከመነሻ ፍጥነትዎ 70 በመቶ ካልያዙ ትሮትሉን ይሳቡና ይቁሙ። መነሻው 55 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ከሆነ ይህ 39 ኖት ገደማ ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ጉልበትዎ ላይ ያሥሩት።

ማረፍ

በፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች በሚዘረጋው ክፍል) ሲመጡ መለኪያው 65 ኖት ይላል፤ ባሕር ጠለል ላይም ኮምቦልቻም 65 ነው። ነገር ግን በ9,000 ጫማ አየር ውስጥ እውነተኛው ፍጥነት 75 ኖት ገደማ ነው። መሬቱ ከለመዱት ይበልጥ ይሮጣል። ዓይን «ፈጥነሃል» ይላል፣ እጅ አፍንጫውን ያነሣል፣ መለኪያው ወደ 50 ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ክንፉ መሸከም ያቆማል። ብዙ ዓመት መኪና የነዳ ሰው ፍጥነትን በመሬት መፍጠን የመለካት ልማዱ ሥር የሰደደ ስለሆነ ይህ ስሕተት ከወጣቱ ይልቅ እሱን ይጥለዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ በመጨረሻው አቀራረብ በየሦስት ሰከንዱ «ፍጥነት» ብለው ጮክ ብለው ቁጥሩን ይጥሩ። ካረፉ በኋላ የሚንከባለሉበት ርቀትም አንድ ሦስተኛ ያህል ይረዝማል፤ ፍሬኑን አይደንግጡበት።

ጎማው መሬት ሊነካ ሲል ዓይንዎ የማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ይሁን። ከመነጽሩ ታች ወደ አፍንጫው ሥር የሚያይ ሰው መሬቱ ደብዝዞ ቀርቦ ይታየዋል፣ ቀድሞ ያነሣል፣ ከሦስት ሜትር ላይ ይወድቃል። ከነጠረ አፍንጫውን አይግፉ፤ የፊተኛው ጎማ ይሰበራል። ትሮትል ሙሉ፣ ፍላፕ ወደ 20 ዲግሪ፣ ፍጥነት 60 ኖት፣ ሽቅብ፣ እንደገና። ቀዩ ቁልፍ እዚያ ላይ የት እንዳለ ነው ወሳኙ፦ ቼክሊስቱ «ሙሉ ይገፋ» ስላለ ብቻ የተገፋ ከሆነ ሞተሩ በሚፈልጉት ሰዓት ያስላል። ለሜዳው ከፍታ ያስተካከሉትን ይዘው ይምጡ።

የጎን ነፋስ ለ172 ኤስ በሙከራ የታየው 15 ኖት ነው። ለተማሪ 7 ይበቃል።

ተራራው

የበረራ መልመጃዎን ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ሐርቡ፣ ወደ ባቲ በኩል ያድርጉ፤ ምድሩ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከደሴ በስተምዕራብ ግን ደጋው በየቦታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እሱ ብቻ 10,000 ጫማ ነው። በላዩ የሚያስፈልገው 2,000 ጫማ ሲጨመር 12,000 ይሆናል። ከ10,000 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ ካለፉ ኦክሲጅን ያስፈልጋል፣ 172ቱም እዚያ ላይ የሚወጣው እየተለመነ ነው። ከኮምቦልቻ ላሊበላ ቀጥታ መስመሩ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ካርታ ላይ ያጓጓል፤ ላሊበላ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ፣ ወደ 14,000 ጫማ ነው። የአውሮፕላኑ የከፍታ ጣሪያም ያው 14,000 ነው። ይህን ጉዞ ያለ አስተማሪ አያስቡት።

ደመናን በተመለከተ ከ10,000 ጫማ በታች 5 ኪሎ ሜትር እይታ፣ ከደመና 1,000 ጫማ በቁመት፣ 1,500 ሜትር በጎን መራቅ ደንብ ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ማለዳ ደሴን ሸፍኖ ኮምቦልቻ ጠራርቶ ሊያድር ይችላል፤ የታየዎት ሜዳ ብቻ ነው እንጂ መንገዱ አይደለም።

ሸንተረር መሻገር ካለብዎት ፊት ለፊት አይግጠሙት። በ45 ዲግሪ ገደድ ብለው ይጠጉ፤ መመለስ ሲያስፈልግ የሚዞሩት ሩብ ዙር ያህል ብቻ ይሆናል። ነፋሱ ከሸንተረሩ ማዶ ወደ እርስዎ የሚነፍስ ከሆነ አየሩ በእርስዎ በኩል ቁልቁል ይፈስሳል፤ ሞተሩ ሙሉ እየሠራ ከፍታ መለኪያው ይወርዳል። ከሸንተረሩ ማዶ ያለው መሬት እየሰፋ ከታየዎት ከፍ ብለዋል። እየጠበበ ከሄደ ዝቅ ብለዋልና አፍንጫውን ሳያነሡ፣ ፍጥነቱን እንደያዙ፣ ምድሩ ወደሚወርድበት ወደ ቦርከና ወንዝ በኩል ይዙሩ።